ዲቦራን ያሸከምካት ምስጢር

ማርቆስ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስምህ ብቻ ልጥራህ። ከስምህ ጋር ጠብ የለኝም።

ከተለየኸን ሦስተኛው መስቀል አለፈ። ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያው ዓመት ጽፌልህ ቢሆን ኖሮ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር፤ ናፍቆትና እንባ ብቻ። ያኔ የማውቀው የቀበርኩትን ሰው ነበር። አሁን ሌላም ሰው አውቄያለሁ፤ እሱም አንተው ነህ።

በቤታችን ብዙ ነገር ተለውጧል። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ በክረምት ጫማህን በእጅህ አንጠልጥለህ ጭቃውን እየረገምክ የምትገባበት ጊዜ አለፈ። ባጃጅ በር ድረስ ይመጣል። የጓሮው አቮካዶ አፍርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ይበላል። ልብሶችህን ለወንድምህ ሰጥቻለሁ። እኔ እዚያው ጤና ጣቢያ ነኝ፤ ከድንገተኛ ክፍል ወጥቼ አሁን ክትባት ላይ ነው የምሠራው። ዲቦራ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል። ሳቋ ያንተ ነው።

የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

እንዴት ያለች ወሬኛ እንደነበረች ታስታውሳለህ። እሑድ ከሰዓት ትከሻህ ላይ አድርገህ አውቶቡስ ልታሳያት መናኸሪያ ትወስዳት ነበር። ስትመለሱ ሳሎኑን መናኸሪያ ታደርገዋለች፤ ወንበሮቹን ደርድራ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለች ሁለታችንንም ታሳፍረናለች። አንተ የተማሪዎችህን የሂሳብ ፈተና እያረምክ፣ ቀና ሳትል «ረዳት፣ ወራጅ አለ!» ትላታለህ። ከእናትህ ከምባትኛ፣ ከእናቴ ሀዲይኛ፣ ከእኛ አማርኛ ለምዳ በሦስቱም ስታወራ ትውላለች። ስትተኛም የሚያወራ አፍ ነው ያላት እንል ነበር።

ያቺ ልጅ ካንተ ቀብር በኋላ አፏን ዘጋች።

መጀመሪያ ሐዘን ነው አልን። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» አለኝ። ድንኳኑ ተነሣ፣ እንግዳው ተበተነ፣ ወሩን ወር ተከተለው፤ ዲቦራ ግን አልተነፈሰችም። ውሃ ስትፈልግ ጆጉን ትጠቁማለች። ስጠራት በጭንቅላቷ ትመልሳለች። አልጋዋን ማርጠብ ጀመረች። ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆች መንከስ አመጣች። የአንዷን ልጅ ክንድ ነክሳ ስታቆስል የልጅቷ እናት ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ ሰው ፊት ገልጣ አሳየችኝ። ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የልጄ ጥርስ አንድ በአንድ ይታይ ነበር።

መምህሯ «ግትር ናት፣ ቅጣት ነው የሚያስፈልጋት» ብላ ልምጭ አነሣችባት። እናትህ ደግሞ ወደ አገሯ ወደ ዶዮገና ወስዳ አስጸለየችላት። የጸለዩላት ሰዎች በፍቅር ነው ያደረጉት፣ አልክድም። ነገር ግን እጃቸውን ጭነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተናገሪ!» ባሏት ቁጥር አፏን በሁለት እጇ ትከድን ነበር። አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

እኔስ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ ታውቃለህ? ነርስ ነኝ እኮ። «ጨጓራዬ ነው» ስትለኝ ኦሜፕራዞል ያመጣሁልህ እኔ ነኝ። በርበሬ ከቤት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰውነትህ ሲቀንስ «ግምገማና ስብሰባ ነው ያከሳኝ» ብለህ ስትቀልድ አብሬህ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ እያስተማርክ ወድቀህ ሆስፒታል ስትገባ፣ ሐኪሙ ወደ ጥግ ወስዶኝ የጨጓራ ካንሰር መሆኑን፣ ጉበትህንም እንደያዘው ሲነግረኝ፣ ሳምንት እንኳ ሳትቆይ ስታልፍ፣ እኔ ገደልኩት ብዬ ነው የቀበርኩህ። የማላውቀውን ሰው በሽታ በር ላይ ሳየው የምለይ ሴት፣ አንድ ትራስ ላይ የሚተኛውን ባሌን አላየሁትም አልኩ። ከድንገተኛ ክፍል እንዲያነሡኝ የለመንኩት ራሴ ነኝ። እጄንም ዓይኔንም ማመን አቃተኝ።

አንተ አልጋው ላይ ሆነህ እጄን ይዘህ ነበር። ለመናገር አቅም ነበረህ። «አይዞሽ» ብቻ ነው ያልከኝ።

ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ውስጥ ለልጆች የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጥበት አንድ ክፍል ተከፍቶ ነበር። ባለሙያዋ ሰናይት ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ናት። ሰዉ «የእብድ ክፍል» ይለው ስለነበር ዲቦራን ይዤ የሄድኩት ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አላመንኩበትም። መርፌ የለው፣ ክኒን የለው፤ አንዲት ምንጣፍ፣ አሸዋ የተሞላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ የጨርቅ አሻንጉሊቶች፣ የፕላስቲክ ላሞች፣ ከለርና ወረቀት። ዲቦራ ገብታ በቀጥታ ጠረጴዛው ሥር ተደበቀች። ሰናይት ነይ ውጪ አላለቻትም። እሷም ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ «ጥሩ ቦታ ነው ያገኘሽው። ስትፈልጊ ትወጫለሽ፤ ባትወጪም ችግር የለም» አለቻት። የዚያን ቀን የተደረገው ሕክምና ይኼው ነበር። ሁለቱም ተቀምጠው ዋሉ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና «መቼ ነው የምታወራው?» አልኳት።

«ሲስተር፣ እንድታወራ አይደለም የምንሠራው» አለችኝ። «እንዳትፈራ ነው። ፍርሃቱ ሲለቃት አፏ የራሷ ነው፤ ራሷ ትከፍተዋለች።»

እኔንም አስተማረችኝ። ዲቦራ ልትነክስ ስትቃጣ መጮህ ወይም መምታት ቀርቶ፣ ጎንበስ ብዬ እጇን ይዤ፣ ዓይኗን እያየሁ «ተናደሻል። መናደድ ይቻላል። መንከስ ግን አይቻልም» እንድላት። ንዴቷን የምታወጣበት ጭቃ ሰጠቻት፤ ትደበድበዋለች፣ ትጠፈጥፈዋለች። የሳሙና አረፋ በስትሮ ማስነፋት ጀመረች፤ ቀስ ተብሎ ካልተነፋ አረፋው ስለሚፈነዳ ልጅቷ ሳታውቀው ትንፋሿን ማርጋት ለመደች። መምህሯንም አስጠርታ አነጋገረቻት። ልምጩ ቀረ፤ በምትኩ ዲቦራ ንዴት ሲመጣባት እጇን አንሥታ ወጥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ውሃ ጠጥታ እንድትመለስ ተስማሙ። መምህሯ በኋላ አግኝታኝ «እኔም አንዳንዴ ከልጆቹ ጋር ወጥቼ ፊቴን እታጠባለሁ» ብላ አሳቀችኝ።

ማርቆስ፣ ልጃችን ቀስ በቀስ ስትመለስ አየሁ። መንከሱ ቀረ። አልጋዋ ደረቀ። ምግብ መብላት ጀመረች። ድምፅዋ ብቻ ነበር የቀረው።

ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ጨዋታ ይዛ ነበር፤ እሱኑ ስትደጋግም ከረመች። የአባት አሻንጉሊት ታስተኛለች። የልጅቷን አሻንጉሊት አፍ በፕላስተር ትለጥፋለች። ከዚያ ፕላስተሩን ትልጠዋለች፤ ልክ እንደላጠችው አባትየውን አንሥታ አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች። ሰናይት ቸኩላ አልጠየቀቻትም። አንድ ቀን ግን አባትየው ሲቀበር፣ አሸዋውን እያየች፣ «ይቺ ልጅ በመናገሯ አባቷ የሞተ መስሏታል» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለአሻንጉሊቷ።

ዲቦራም «ተናግራ ነው እኮ የሞተው» አለች።

በዓመት ውስጥ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ሰናይት ለእናትሽ እንድንነግራት ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ፈቃዷን ጠየቀች፤ ዲቦራ እሺ አለች። ተጠርቼ ስገባ ልጄ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ በሻከረ ድምፅ «እማዬ፣ ይቅርታ» አለችኝ። ስለ ምን ይቅርታ እንደምትጠይቀኝ አላወቅሁም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገረችኝ።

በዚያ ዘመን ሥልጠና ያልተጠራ መምህር ማን ነበር? አንተም «አዲስ አበባ ሥልጠና አለብኝ» ስትለኝ ሻንጣህን አዘጋጅልሃለሁ። በክረምቱ ዲቦራንም ይዣት ልሂድ፣ እህቴ አልማዝ ዘንድ ትጫወታለች አልከኝ። ደስ ብሎኝ አዲስ ቀሚሷን አልብሼ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ እጄን አውለበለብኩላችሁ። አንተ የወሰድካት ሆስፒታል ነው። አልማዝ ሥራ ስትውል የሚጠብቅልህ አጥተህ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ከሕሙማን ጋር አግዳሚ ላይ አስቀመጥክ። ስትወጋ አየች። ስታስመልስ አየች። ስትመለሱም አውቶቡሱ ላይ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ከነገርሻት ይብስብኛል» አልካት።

አንተ ምን ለማለት እንደፈለግክ ይገባኛል። እኔ ሳለቅስ ስታየኝ ይከፋሃል ማለትህ ነው። ልጅ ግን እንዲህ አይሰማም። ልጅ ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው። ካወራሁ አባቴ ይብስበታል ብላ ያዘችው። ያቺ ወሬኛ ልጅ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምትለፈልፈዋ፣ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ እየበላች፣ ጸጉሯን እያሠራች፣ ወራት ሙሉ ያን ነገር ውስጧ ይዛ ዋለች። አንተም ታያት ነበር። ይዛልህ እንደነበር እያየህ ዝም አልክ።

ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን የልጆች ትምህርት ላይ «ለማን እንጸልይ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ እጇን አውጥታ «ለአባቴ፤ ሆዱን ያመዋል» አለች። አስተማሪዋ የሆድ ሕመም የሌለበት ማን አለ ብላ ነው መሰለኝ፣ ጸልያ ወደ ሌላው ልጅ አለፈች። አንተ በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ወደቅክ።

ይኸው ነው። ልጅህ ጸልያልህ፣ በጸሎቷ የገደለችህ መስሏት ኖረች።

እኔ በሌላው ክፍል ተኝቼ እኔ ነኝ የገደልኩት እላለሁ፤ እሷ በዚህኛው ክፍል ተኝታ እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች። ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር ያንተን ዕዳ ተሸክመን ኖርን። አንተ አውቀህ ነው የሄድከው። እኛ ነን የቀረነው።

ስላላመንኩ ይሁን፣ ወይም ላምን ስላልፈለግኩ፣ ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ፊቴን ስታየው ገባት። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «ታውቂ ነበር ወይ?» አልኳት። ካንተ ሞት በፊት ከዓመት በላይ ታውቅ ነበር። ሐኪሞቹ ገና ሲያገኙት ቀዶ ሕክምና እንዳዘዙልህ፣ አንተ «ትምህርት ይዘጋ፣ ከበዓል በኋላ» እያልክ እንዳዘገየኸው ነገረችኝ። አለቀሰች። «አስምሎኝ ነው አስቴርዬ» አለችኝ። «ምን ላድርግ? ‹ከነገርሻት ሚስቴ መሆኗ ቀርቶ ነርሴ ትሆናለች፤ እንደ በሽተኛ ታየኛለች› ይለኝ ነበር።»

ማርቆስ፣ ማን ጠየቀኝ? ሁለቱንም መሆን አልችልም ብሎ ማን ነገረህ? አገር ምድሩን የማስታምም ሴት ባሌን ማስታመም ይበዛብኛል? አንድ ዓመት ነበረን። ቶሎ ብትነግረኝ ትድን ነበር አልልህም፤ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። ግን አንድ ዓመት ነበረን። እጅህን ይዤ የምቀመጥበት፣ የምጣላህ፣ የምለምንህ፣ የምሰናበትህ። ዲቦራን አዘጋጅቼ፣ አባትሽ ታሟል፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም የምላት። ያን ዓመት ከእኔ ወስደህ ለስድስት ዓመት ልጅ ሰጠሃት። ከእህትህ ጋር ተማከርክ፣ ከልጅህ ጋር ተማከርክ፤ ዐሥር ዓመት አብራህ የኖረችውን አታለልክ።

ከአልማዝ ቤት ምሳ ሳልበላ ወጣሁ። አልተጣላንም፤ ግን እንደ ድሮው አይደለንም።

ከዚያ በኋላ ስምህ ቤት ውስጥ ሲነሣ ፊቴ ይለወጥ ነበር። ዲቦራ ታያለች። ፎቶህን ከሳሎን አንሥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ እሷም ማግስቱን እንደገና ዝም አለች። ደንግጬ ወደ ሰናይት ሮጥኩ። ሰናይት ያን ቀን ጠንከር አለችብኝ።

«ሲስተር፣ መናደድ መብትዎ ነው» አለችኝ። «ዲቦራ ግን እርስዎ አባቷን ሲጠሉ ካየች፣ መናገሬ ይኸው አባቴን ሁለተኛ ገደለው ነው የምትለው። ንዴትዎን ለባለቤቱ ያድርሱ። ለእሷ ደግሞ እውነቱን በልጅ ቋንቋ ይንገሯት።»

ፎቶህን መለስኩት። ከዚያ ሦስታችን፣ እኔ፣ ዲቦራና ሰናይት፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ዲቦራ ሰናይት የነገረቻትን ሁሉ ከእኔ አፍ መስማት ፈልጋ ነበር። እኔም አልኳት፦ «አባትሽ የሞተው በበሽታ ነው። በሽታው ሆዱ ውስጥ የነበረው አንቺ ከመናገርሽ ብዙ ጊዜ በፊት ነው። ቃል ሰው አይገድልም። አባትሽ ይወድሽ ነበር። ምስጢር ማስያዙ ግን ልክ አልነበረም፤ የትልቅ ሰው ሸክም ለልጅ አይሰጥም። ብትነግሪኝ ኖሮ አልቆጣሽም ነበር። ማንም ትልቅ ሰው ለእናትሽ እንዳትነግሪ ቢልሽ፣ ያኔ ነው የምትነግሪኝ።»

ከዚያ «ታዲያ አባዬ ዋሽቶኛል?» አለችኝ።

«ዋሽቶሻል» አልኳት። ይህን ስል ምን ያህል እንዳመመኝ አንተ ብቻ ነህ ሊገባህ የሚችለው።

ጭቃውን አንሥታ እስኪደክማት ደበደበችው። ማንም አላስቆማትም። ከዚያ እቅፌ ገብታ አለቀሰች፤ ቀብርህ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ። እኔም አለቀስኩ። ሰናይት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

ዲቦራ አሁን ታወራለች። እንደ ድሮው አይደለም፤ ከመናገሯ በፊት ትንሽ ታስባለች፤ አንዳንድ ቀን ፊቷ ይጨልማል። ሰናይት ዘንድ አሁን በወር አንድ ጊዜ ነው የምንሄደው። ቤት ውስጥ አንድ ሕግ አውጥተናል፤ ማታ ከመተኛታችን በፊት ሁለታችንም ዛሬ ደስ ያለንንና ዛሬ የከፋንን እንናገራለን። እኔም መናገር አለብኝ፤ እናት ነኝ ብዬ አላመልጥም። አንዳንዴ «ዛሬ አባትሽ ናፈቀኝ» እላለሁ። አንዳንዴ «ዛሬ አባትሽ አናደደኝ» እላለሁ። «እኔንም» ትለኛለች፤ ለሁለቱም።

ዘንድሮ መስቀልን እናትህ ዘንድ ዶዮገና ዋልን። እናትህ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ዲቦራ ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ስትሮጥ፣ ቆጮ በቅቤ ስትበላ፣ የሰጧትን ሁሉ ስትቀበል ዋለች። መቃብርህም ሄድን። አበባ አስቀመጠች፤ እኔ ቆሜ አየሁ። ምንም አላልኩህም፤ ያለኝን እዚህ ልጽፍልህ አስቤ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ከአቅሙ በላይ ጭኖ ነበር። ሰዉ ተጨናንቆ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ሲሄድ፣ ዲቦራ በድንገት ጭኔ ላይ ቀና ብላ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፦

«እማዬ! ሆዴን አሞኛል!»

መኪናው በሙሉ ዞረ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። አንዲት ሴትዮ ሎሚ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከኋላ ያሉ ሽማግሌ «ዳር ያዝ እንጂ፣ ልጅ ታማለች!» ብለው ጮኹ። ሹፌሩ ቆመ። መንገድ ዳር ወርዳ የበላችውን ቅቤ ሁሉ አስመለሰች፤ ግንባሯን ይዤላት ነበር። አፏን አጠብኩላት። ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሳ ስትገባም ተሳፋሪውን በሙሉ አይታ «አሁን ተሽሎኛል» አለች። ሳቁላት። እኔ ግን ቤታችን እስካለበት እስከ ሆሳዕና ከተማ ድረስ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ነው የሄድኩት።

ይህን ያህል ቀላል ነበር ማርቆስ። ሦስት ቃል ነበር። መኪና ሙሉ ሰው ይቆምልህ ነበር።

አልረሳህም። ብፈልግም አልችልም። ግን ቀብርህ ላይ እንደተነበበው አድርጌ አላስታውስህም፤ እንደነበርክ ነው የማስታውስህ። ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ አውቶቡስ የሚያሳየውን፣ ያችኑ ልጅ አግዳሚ ላይ ያስቀመጠውን፣ የወደደኝን፣ የዋሸኝን፤ አንዱንም አልቀንስም። ዲቦራም አድጋ ስትጠይቀኝ ሁሉንም እነግራታለሁ። ይቅር ያልኩህ ቀን ደግሞ ሌላ እጽፍልሃለሁ፤ ያን ቀን ምናልባት «ውዴ» ብዬ እጀምር ይሆናል። ዛሬ አይደለም።

ሚስትህ
አስቴር